አዲሱ አከራይና ውሉ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በሚገኝባት በፀዳ፣ በጓሮው ሁለት ክፍል ሠርቶ ሊያከራይ የተነሣ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ «ቃል ካለ ውል ምን ያደርጋል?» ሲል ሰማነው። በዚህ ወንድማችን አንፈርድም፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገው፣ አከራይነትን ከአባቱ ሊማር አልቻለምና።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ግን፣ በሚሠራባቸው ከተሞች፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ ባልደረሰበትም ቢሆን ምክሩ መልካም ነው። የኪራዩ ልክ፣ የመክፈያው ቀን፣ የውሃና የመብራቱ ሒሳብ፣ የመልቀቂያው ማስጠንቀቂያ ተጽፎ በምስክር ፊት ይፈረም።

ያለዚያ፣ አዲስ የተመደበው መምህር ዕቃው በድንገት ደጅ ቢወጣ ወዴት ይሄዳል? አከራዩስ ኪራዩ ቢቀርበት የቤቱን ዕዳ በምን ይከፍላል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለምን?