አንዱን ወገን ብቻ የሚያስር ቀብድ

በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ላይ በር ሊያሠራ አናጢ ዘንድ የሄደ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ቆጥሮ አያስረክብም። ቀብድ ይሰጣል፤ ቀሪውን የሚከፍለው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ካየ በኋላ ነው። አናጢውም ቀብድ የሚጠይቅበት ምክንያት አለው፤ እንጨት ይገዛበታል።

ይህ ልማድ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ሰፍሯል። ቀብድ ለውሉ መደረግ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን! ገንዘቡን የያዘውም ሰው እንዲፈራ ተደርጓል ማለት ነው።

ገና ያልወጣ የቪዲዮ ጌም አስቀድሞ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው የቆየ ክርክር፣ በእኔ ዓይን፣ ይህ ፍርሃት ስለጎደለው ቀብድ የሚደረግ ክርክር ነው።

ነገሩ ሲጀመር ትርጉም ነበረው። ጌም በካሴትና በዲስክ ብቻ በሚሸጥበት ዘመን ሱቁ ስንት ፍሬ እንደሚያስመጣ ማወቅ ነበረበት፤ ያላስመዘገበ ደንበኛ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ዛሬ ጌሙ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ነው። ፋይል አያልቅም። የቀረው ማባበያው ነው፤ ቀድሞ ለከፈለ የተለየ ማልያ፣ ተጨማሪ ተጫዋች፣ ወይም ከሌላው በፊት መጫወት።

የእኛን ልጆች በቅርብ የሚነካው ታሪክ የፔስ ነው። ኮናሚ ይህን ተወዳጅ የእግር ኳስ ጌም ስሙን ኢፉትቦል ብሎ መስከረም 20 ቀን 2014 በነጻ ለቀቀው። የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፣ ኳሱም እንዳሻው እየሄደ የዓለም መሳቂያ ሆነ። ጌሙ ነጻ ቢሆንም ኩባንያው ተጨማሪ ጥቅል አስቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ በመጨረሻ ትልቁን ማሻሻያ ለወራት አራዝሞ ቅድመ ሽያጩን ሰረዘ፣ ገንዘቡንም መለሰ። እጥፉን ግን አይደለም።

የሳይበርፐንክ 2077 ደግሞ ይብሳል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ሲወጣ 8 ሚሊዮን ሰው ቀድሞ ገዝቶት ነበር። ኩባንያው ሲዲ ፕሮጀክት ለገምጋሚዎች አስቀድሞ የሰጠው የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ በመሆኑ፣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንዴት እንደሚንገዳገድ ገዢው ያወቀው ከከፈለ በኋላ ነው። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አወረደው፤ የተመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጌሙ በኋላ ታድሶ ጥሩ ሆኗል ይባላል፤ እውነት ነው፤ የተጠቀመው ግን የጠበቀው ሰው ነው።

ለቅድመ ግዢ የሚከራከሩ ሰዎች ገዢው መውጫ አለው ይላሉ። የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲም ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቁ ገንዘብ ይመልሳል። ትንንሽ አዘጋጆችም ያለ ቅድሚያ ገንዘብ ሥራቸውን አይጨርሱም። በዚህኛው እስማማለሁ፤ የእነሱ ቀብድ በእርግጥ እንጨት ይገዛል። ሚሊዮኖች የሚጠብቁትን ጌም የሚሠራ ኩባንያ ግን እንጨቱን ከገዛ ቆይቷል።

መውጫው ከመርሐቤቴ ሲታይ ደግሞ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች መካከል የለችም። አካውንቱ የሚከፈተው በሌላ አገር ስም ነው፤ ክፍያውም ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ወይም በስጦታ ካርድ። ነገር ሲበላሽ አቤት የሚባለው በማን ስም ነው? ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን የሶኒ ጌም ለኮምፒውተር የገዙ ሰዎች በሚያዝያ 2016 የሶኒ አካውንት ግዴታ ሊሆን ነው ሲባሉ፣ ጌሙ ኔትወርኩ በሌለባቸው አገሮችም ሲሸጥ መክረሙ ታወቀ። ሶኒ ያፈገፈገው ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው። በዚያ ላይ አዲስ ጌም በወጣበት ዕለት ከባድ አፕዴት ይዞ ይመጣል፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይረሳም።

ዋጋውስ? የአንድ ትልቅ ጌም መነሻ 70 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ በባንክ ምንዛሪ 4,000 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ7,000 ብር አለፈ።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ከተማ ጥያቄው የሚመለከተው በዋናነት የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቱን ነው። ልጆቹ ለአንድ ጨዋታ ጥቂት ብር ከፍለው ጆይስቲክ ይይዛሉ፤ እሱ ነው ሺዎቹን የሚያወጣው። እርግጥ ብዙው ቤት በሃርድ ዲስክ የተገለበጠ ጌም ስለሚያጫውት ይህ ክርክር ደጁም አይደርስ። ኦሪጅናል የሚገዛው ግን እውነተኛ ፈተና አለበት። የእግር ኳስ ጌሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 የወጣው በ2016 መስቀል ማግስት፣ ልጆች በዓል ላይ ሳሉ ነበር፤ ውዱን ቅጂ አስቀድሞ የገዛም ሳምንት ቀድሞ ይጫወት ነበር። ሃሪ ኬንን በአዲሱ ክለቡ በባየርን ማልያ ቀድሞ ያሳየ ቤት ይሞላል። የዚያን ሳምንት ገቢ የወጪውን ልዩነት ከሸፈነለት ይግዛ፤ ነጋዴ ነው። ለራሱ የሚጫወት ሰው ግን ይህ ሂሳብ የለውም። በመስከረም 70 ዶላር የተጠየቀበት የእግር ኳስ ጌም በኅዳር የቅናሽ ሰሞን ወደ ግማሽ ሲወርድ ታይቷል፤ ኬንም ያን ጊዜ እዚያው ባየርን ነበር።