ሰርቨሩ ስለሠራ ላይሰንሱ ተሟልቷል ማለት አይደለም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ነው፤ እናንተ ሳትከፍሉበት እንድታውቁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሜሪላንድ የታክስ ቢሮ ያላቸው አንድ የአገሬ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው፣ "ለቢሮው ሰርቨር ግዛልኝ" አሉኝ። ዘጠኝ ሠራተኞች አሏቸው። የታክስ ሶፍትዌሩና የደንበኞች ፋይል አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ሠራተኞቹ ከቢሮም ከቤትም በሪሞት ዴስክቶፕ እየገቡ እንዲሠሩ ነበር የፈለጉት። እኔም ያገለገለ ግን ጠንካራ ማሽን በጥሩ ዋጋ አገኘሁ፤ ሁለት ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዱ 14 ኮር። ባለ 16 ኮር የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ላይሰንስ ገዛሁ፣ ጫንኩ፣ አክቲቬት አደረግሁ። በዲሴምበር አጋማሽ ሁሉም ሰው ሥራ ጀመረ። ጋሼም መርቀው ሸኙኝ።

ኤፕሪል 15 ጠዋት ስልኬ ጠራ። በአሜሪካ የግብር ማሳወቂያ የመጨረሻው ቀን ነው። "አንተ ልጅ፣ ማንም መግባት አልቻለም! ደንበኞች እዚህ ተሰልፈዋል" አሉኝ። ስደርስ ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩም ደህና ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ላይሰንስ የሚሰጥ የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨር አልተገኘም የሚል መልእክት ብቻ ነበር።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ያልገዛሁት ነገር ነበር።

አክቲቬሽን ሌላ፣ ላይሰንስ ሌላ

ብዙዎቻችን "አክቲቬት ሆኗል" የሚለውን ስናይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። አክቲቬሽን የሚያጣራው ቁልፉን ብቻ ነው። ላይሰንስ ግን ውል ነው፤ በስንት ኮር፣ ለስንት ሰው፣ በስንት ቨርቹዋል ማሽን እንደምትጠቀሙ ይወስናል። ዊንዶውስ ሰርቨር 28 ኮር ላይ የ16 ኮር ላይሰንስ ብትጭኑበት ዝም ብሎ ይሠራል። የሚጠይቃችሁ ማሽኑ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ሊመጣ የሚችል ኦዲት ነው።

መጀመሪያ ኮር ይቆጠራል

ከ2016 ዕትም ጀምሮ የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድና ዳታሴንተር ሒሳብ በኮር ነው። በተለመደው አካሄድ፦

- በማሽኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ፊዚካል ኮር ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል።
- አንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ እንደ 8 ኮር ይቆጠራል።
- አንድ ሰርቨር ቢያንስ እንደ 16 ኮር ይቆጠራል።

የእኔ ማሽን ታስክ ማኔጀር ላይ 56 ያሳይ ነበር፤ ይህ የሃይፐርትሬዲንግ ቁጥር ስለሆነ አይቆጠርም። የሚቆጠረው 28 ነው። ስለዚህ 12 ኮር ይጎድለኝ ነበር፤ ማለትም ስድስት ተጨማሪ ባለ ሁለት ኮር ጥቅል።

ቨርቹዋል ማሽን ካላችሁ ሒሳቡ ይበልጥ ያድጋል። የስታንዳርድ ላይሰንስ ሁሉንም ኮር ከሸፈነ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈቅዳል። ሦስተኛ ከፈለጋችሁ ሁሉንም ኮር እንደገና ላይሰንስ ታደርጋላችሁ፤ በእኔ ማሽን 56 ኮር መሆኑ ነው። ባለ 16 ኮር ማሽን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ 32 ይበቃ ነበር። ለዘጠኝ ሰው 28 ኮር አያስፈልግም ነበር። ርካሽ ነው ብዬ የገዛሁት ብረት ውድ ሶፍትዌር አስከተለብኝ። ዳታሴንተር የቨርቹዋል ማሽን ገደብ የለውም፤ ዋጋው ግን ብዙ ማሽን ለሚያሠራ ካልሆነ አያዋጣም።

ቀጥሎ የሚገባው ይቆጠራል

ሰርቨሩን ብቻ ላይሰንስ ማድረግ ቤቱን መግዛት ነው፤ የሚገባው ሰው ደግሞ የራሱን መግቢያ ይፈልጋል። ይህ መግቢያ ክላየንት አክሰስ ላይሰንስ፣ በአጭሩ ካል ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው፤ በሰው እና በመሣሪያ።

ምርጫው በቢሮው አሠራር ይወሰናል። አንድ ሠራተኛ በላፕቶፕ፣ በስልክና በቤት ኮምፒውተር የሚገባ ከሆነ የሰው ካል ያዋጣል፤ አንዱ ለሦስቱም ይበቃል። በሌላ በኩል ሦስት ሰዎች በፈረቃ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠሩበት መጋዘን ከሆነ የመሣሪያ ካል ይሻላል፤ አንዱ ለሦስቱም ሠራተኞች ይሆናል። የጋሼ ሠራተኞች ከቤትም ስለሚገቡ የሰው ካል ነበር ትክክሉ፤ ዘጠኝ።

እኔንም ያወደቀኝ ሪሞት ዴስክቶፕ

ዊንዶውስ ሰርቨር ሁለት ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን ሰርቨሩን ለሚያስተዳድር ሰው እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም። ሠራተኞች በዚህ መንገድ እንዲሠሩ ከተፈለገ የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስ መጫን አለበት፤ ለእሱም ከመደበኛው ካል በላይ ሌላ የራሱ ካል ይገዛል። የአንዱ መኖር ሌላውን አይተካም።

ሰርቪሱ ሲጫን 120 ቀን የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። በእነዚያ ቀናት የላይሰንስ ሰርቨር ባይኖርም ሁሉም ነገር ይሠራል። ከዲሴምበር አጋማሽ ተነስታችሁ 120 ቀን ብትቆጥሩ ኤፕሪል አጋማሽ ትደርሳላችሁ። እኔ አልቆጠርኩም፤ ማሽኑ ግን ቆጥሮ ነበር።

ያገለገለ ሰርቨር ስትገዙ

ከአዲስ ሰርቨር ጋር ከፋብሪካው የሚመጣ የኦኢኤም ላይሰንስ ከማሽኑ ጋር ተወልዶ ከማሽኑ ጋር ይሞታል፤ ወደ ሌላ ሰርቨር አይዛወርም። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ቁልፍም ቁልፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው ላይሰንስ ገዛሁ አትበሉ።

የብረቱ አምራችም የራሱ ደንብ አለው። ለምሳሌ ኤች ፒ በ2014 የፕሮላያንት ሰርቨሮችን የፈርምዌር ማሻሻያ ለማውረድ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሰርቨርን ከርቀት በሙሉ አቅም የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎችም፣ እንደ አይሎ እና አይድራክ ያሉት፣ ለአንዳንድ አገልግሎታቸው ለብቻው ላይሰንስ ይጠይቃሉ።

ለዴቨሎፐሮች አንድ ቃል

የምትመርጡት ዳታቤዝ የደንበኛችሁ ወጪ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ነፃ ቢሆንም፣ ሲለመድ የቆየው የአንድ ዳታቤዝ ገደብ 10 ጊጋባይት ነበር፤ ደንበኛው ሲያድግ ወደሚከፈልበት ትገፉታላችሁ። ፖስትግሬስኪውኤል በሊኑክስ ላይ ካል አይጠይቅም፤ ፋይል ለመጋራትም ሳምባ አለ። የጋሼ የታክስ ሶፍትዌር ግን ዊንዶውስ ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ምርጫውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ነው። ደግሞም መሃል ላይ የራሳችሁን ዌብ አፕ አስቀምጣችሁ ሃምሳ ሰው በአንድ አካውንት ብታስገቡ የካል ቁጥር አይቀንስም፤ የሚቆጠረው ከጀርባ ያለው ሰው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሻጩን ከማነጋገራችሁ በፊት እነዚህን በወረቀት ጻፉ፦

1. የምንጠቀምበት ፕሮግራም የግድ ዊንዶውስ ይፈልጋል?
2. ማሽኑ ስንት ፊዚካል ኮር አለው? ያን ያህል ያስፈልገናል?
3. ስንት ቨርቹዋል ማሽን?
4. ስንት ሰው፣ በስንት መሣሪያ ይገባል?
5. ከእነሱ ስንቱ በሪሞት ዴስክቶፕ ይሠራል?
6. ላይሰንሱ ማሽኑ ሲቀየር አብሮን ይሄዳል?

መልሱን ይዛችሁ የብረቱንና የሶፍትዌሩን ዋጋ በአንድ ላይ ደምሩ። ያኔ ነው እውነተኛው ዋጋ የሚታየው።

በዚያ ቀን የጎደለውን ካል ከአንድ ሻጭ ገዝቼ፣ የላይሰንስ ሰርቨሩን አቋቁሜ፣ ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ገቡ። ላልደረሱት ደንበኞች ማራዘሚያ ተጠየቀላቸው። የጎደሉትን ኮሮች በሚቀጥለው ሳምንት ሞላሁ። ጋሼ አልተቆጡኝም። ማታ ቡና እየጠጣን "ዋጋውን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ እከፍል ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው የብረቱን ዋጋ ብቻ ለብቻው ነግሬ አላውቅም።