በካርቱም ሻይ የምታፈላው ገበሬ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ፣ የ2023ቱ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ በየመንገዱ ዳር፣ በየዛፉ ጥላና በየመሥሪያ ቤቱ በር አጠገብ የከሰል ማንደጃ አቀጣጥላ፣ ዙሪያውን ዝቅተኛ በርጩማ ደርድራ ሻይና ቡና የምትሸጥ ሴት ያላየ መንገደኛ አልነበረም። የአገሩ ሰው «ሲት አሽ ሻይ» ይላታል፤ የሻይ እመቤት ማለት ነው። ቡናውን የምታፈላበትን ዕቃ እንደ እኛው ጀበና ብላ ትጠራዋለች፤ ዝንጅብልም ትጨምርበታለች። ሹሙ፣ ወታደሩ፣ ተማሪውና ተሸካሚው በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ከእጇ ይጠጡ ነበር።

«ይህ ገጽ የእርሻ ገጽ ሆኖ ሳለ ስለ ሻይ ንግድ መጻፍ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከእነዚህ ሴቶች እጅግ ብዙዎቹ ሻይ ሻጭ ከመሆናቸው በፊት ገበሬዎች ነበሩ። በ1983ና በ1984 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) በኮርዶፋንና በዳርፉር ዝናም በመጥፋቱ፣ በዚያው በ1983 በደቡቡ ክፍል ጦርነት እንደገና ተነሥቶ ኋላም ወደ ኑባ ተራሮች በመዛመቱ፣ በ2003ም የዳርፉር ጦርነት በመጀመሩ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን እየለቀቀ ወደ ካርቱም ዳርቻ ፈለሰ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራም ጦርነትና ድህነት የገፋቸው ሴቶች በመተማና በከሰላ በኩል እየገቡ ተጨመሩባቸው። ከተማይቱ ወንዱን የግንብ ሠራተኛ፣ ተሸካሚ ወይም ዘበኛ አድርጋ ተቀበለችው፤ ለሴቲቱ የተገኘላት ግን የሰው ቤት ሥራ፣ አለዚያም የራሷ ምድጃ ነበር። ይህም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ቀድሞ በእርሻው ላይ ሳለች ድካሟ በማን ስም ይቈጠር እንደ ነበረ የመረመረ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል።

በኮርዶፋንና በኑባ ተራሮች አገር ከቤት አጠገብ የሚገኝ «ጁብራካ» የሚባል ትንሽ ማሳ አለ። ማሳው የሴቲቱ ነው። ዝናም እንደ ጣለ፣ ከሩቁ ትልቅ እርሻ አስቀድማ፣ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላና በቆሎ፣ ባሚያ፣ ሉቢያ የሚባለውን የአደንጓሬ ዓይነት፣ ዱባና ከርከዴ ትዘራበታለች። የዋናው እርሻ እህል ሳይደርስ፣ የአምናው ደግሞ አልቆ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ወራት ቤተ ሰቡ የሚበላው ከዚያ ማሳ ነው። ያ ወራት ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ለአገራችን ገበሬ መንገር አያሻም። የተረፈው ባሚያ በፀሐይ ደርቆ ይወቀጣል፤ በበጋ የወጥ ማጥበቂያ ይሆናል፤ ገበያም ይወጣል። ሴቲቱ የጁብራካዋን ሥራ ካደላደለች በኋላ ወደ ሩቁ እርሻ ወርዳ ከባሏ ጋር ታርማለች፤ ታጭዳለች፤ ነዶውን ትሸከማለች። ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና እህል መፍጨቱ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው።

ከጁብራካ የሚገኘው እህልና አትክልት በአብዛኛው ሚዛን ላይ ሳይወጣ በቤት ውስጥ ስለሚበላ በእርሻ መምሪያዎች መዝገብ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። መዝገብ የሚወደው በኩንታል የሚሸጠውን ነው። በ1968 በሱዳን የመካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም፣ ኋላም በሀቢላና በሌሎች ስፍራዎች ሰፊ መሬት በትራክተር እየታረሰ ማሽላና ሰሊጥ እንዲዘራበት ለነጋዴዎችና ለሹማምንት ሲታደል፣ የታየው የኩንታሉ ብዛት ነበር። የአካባቢው ገበሬ እርሻና የከብቱ መሰማሪያ ጠበበ፤ ወንዱም በገዛ አገሩ በትራክተሩ እርሻ ላይ የቀን ሙያተኛ ለመሆን ተገደደ። የሚስቱን ኪሳራ ግን የመዘገበው የለም፤ ትርፏም አስቀድሞ አልተመዘገበምና።

እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍል የተፈጥሮ ሕግ ነው ለሚሉ ሰዎች አንድ ምሳሌ ማቅረብ ይገባል። በዳርፉር በጀበል ማራ ተራራ ላይ የሚኖረው የፉር ሕዝብ፣ የኖርዌዩ ሊቅ ፍሬድሪክ ባርት በ1960ዎቹ ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፣ ባልም ሚስትም የየራሳቸው ማሳ ነበራቸው። አንድ ቤተ ሰብ ሆነው ሳለ እህላቸውን በየጎተራቸው ያገቡ ነበር። ሚስት ለባሏ ገንፎውን ታበስላለች፤ ጠላውንም ትጠምቃለች፤ ነገር ግን ጎተራዋ የራሷ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለእኛ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም። ቢሆንም በዚያው በሱዳን ከተራራው ሥር ሌላ ደንብ፣ ከተራራው በላይ ሌላ ደንብ መኖሩ፣ ደንቡን የሠራው ሰው መሆኑን ያስረዳል።

ከካርቱም በስተደቡብ በሁለቱ ወንዞች መካከል የተዘረጋው የገዚራ እርሻ ደግሞ የዘመናዊ መስኖ ምሳሌ ሆኖ በብዙ አገር ሲወሳ የኖረ ነው። የሰናር ግድብ በ1925 ተፈጽሞ ውሃው በቦይ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ኋላም በመናቂል በኩል ተስፋፍቶ፣ ከ2 ሚሊዮን ፈዳን በላይ መሬት ያጠጣ ጀመር፤ አንድ ፈዳን ከሄክታር እኩሌታ ጥቂት ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ውል ከጥጡ ትርፍ ከመቶ 40 እጅ ለገበሬው ይደርሰው ነበር። የይዞታው ስም ግን ከጥቂቶች በቀር የወንድ ስም ነው፤ የሂሳቡ ደብተርም እንደዚሁ። በለቀማ ጊዜ በጥጡ ረድፍ መካከል ጎንበስ ብለው የሚታዩት ሴቶች፣ ልጆችና ከሩቅ አገር የመጡ ሙያተኞች ነበሩ። የሚያስደንቀውም ገበሬው በበለጸገ ጊዜ ሚስቱን ከማሳ አስወጥቶ በቤት ማኖርን እንደ ክብር መቍጠሩ ነው፤ በእርሷም ፈንታ ሰው ይቀጥራል። የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ለቅጥር የሚከፈለው ስለሚታጣ ወደ ማሳው ትመለሳለች። እንዲህ ያለው ጉልበት ሲፈለግ የሚጠራ፣ ሲጠገብ የሚሰናበት ሆኖ ይኖራል። ባልና ሚስት የተለያዩ እንደ ሆነ፣ ወይም ባል የሞተ እንደ ሆነ፣ ሃያ ዓመት የለቀመችው ጥጥ በስሟ አንዲት መስመር አይገኝለትም።

የዴንማርኳ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤስተር ቦስሩፕ በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር በሰፊው መርምራዋለች። በዶማና በመኮትኰቻ በሚታረስበት አገር ሴቶች ብዙውን የእርሻ ሥራ እንደሚሠሩ፣ ሞፈርና በሬ በገባበት አገር ግን እርሻው የወንድ ሥራ ተብሎ እንደሚቈጠር አሳይታለች። በቅኝ ግዛት ዘመን የነበሩት የእርሻ ሹማምንት አዲስ መሣሪያና ለገበያ የሚሆን ሰብል ለወንዶች ብቻ እያስተማሩ፣ ሴቶቹን በአሮጌው መኮትኰቻ እንደ ተዉአቸውም ጽፋለች።

የሞፈሩ ነገር ወደ አገራችን ይመልሰናል። በአማራ ገበሬ ዘንድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ታርማለች፤ ታጭዳለች፤ አውድማውን በእበት ትለቀልቃለች፤ ዘር ትመርጣለች፤ ዶሮውና የጓሮው ጌሾም የእርሷ ነው፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ በሬና አራሽ ያለው ሰው ፈልጋ መሬቱን ለእኩል ትሰጣለች፤ አራሹም የራሱን ማሳ ሳይጨርስ ወደ እርሷ ስለማይመጣ ዘሯ ከወቅቱ ያልፋል፤ ከተገኘውም እኩሌታው የእርሱ ነው። የአንዲት ልማድ ዋጋ በየዓመቱ ከአውድማ ላይ በቍና እየተሰፈረ ይከፈላል። በክልሉ ከ2003 ገደማ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ እንዲለጠፍ መደረጉ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው። ደብተሩ ግን አያርስም፤ በሬ ለሌላት ባለ ደብተር የበሬው ጉዳይ ገና ይቀራል።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ከማሳዋ የተፈናቀለችው ሴት በከተማ የተሸጠላት ሙያ ልማድ ቀድሞ የሴት ነው ብሎ የተወላት ሙያ ነው። ከማሽላ ሊጥ በምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገረውን ኪስራ የሚባለውን እንጀራ ጋግራ ሸጠች፤ ሻይ አፈላች። በዚህም ልጆቿን አስተማረች። ነገር ግን ምድጃው ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ ላይ ሲታይ ነውር ተባለ። በመስከረም 2000 የካርቱም አስተዳዳሪ ሴቶች በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በነዳጅ ማደያ እንዳይሠሩ ትእዛዝ አወጡ፤ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አገደው። በ1996 የወጣው የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ግን ብዙ ዓመት ጸንቶ ኖረ፤ ፖሊስም በድንገት እየመጣ ማንደጃውን፣ ጀበናውንና በርጩማውን ጭኖ ይወስድ ነበር። ዕቃውን ለማስለቀቅ መቀጫ መክፈል፣ ለመቀጫው መበደር፣ ዕዳውን ለመክፈል ተመልሶ ሻይ መሸጥ የኑሮው ዑደት ሆነ። ሕጉ የተሻረው በኅዳር 2019 ነው።

በሱዳን ስለ ሴቶች መብት የቆመ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የሱዳን ሴቶች ኅብረት በ1952 ተቋቁሟል፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩት ወይዘሮ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም በ1965 የመጀመሪያዋ የሕዝብ እንደራሴ ሴት ሆነው ተመርጠዋል፤ ኅብረቱም ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ታግሏል። ይህ ለአስተማሪዋና ለሐኪም ቤት ሠራተኛዋ ታላቅ ነገር ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር ለማታውቀው ገበሬና ሻይ ሻጭ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር። ያንን መንገድ ከጀመሩት አንዷ በደቡብ ኮርዶፋን የተወለዱት ወይዘሮ አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ ናቸው። ራሳቸው ሻይ ሻጭ ሲሆኑ፣ የምግብና የሻይ ሻጭ ሴቶችን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ በዕዳም ምክንያት ታስረው ተፈቱ፤ ከእስር ወጥተውም ሥራቸውን ቀጠሉ። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ለጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብለዋል። ማኅበሩ የቆመው ሴቶቹ ቀድሞ በሚያውቁት ልማድ ላይ ነው፤ የሱዳን ሴቶች «ሰንዱቅ» የሚሉት የገንዘብ መጣያ ከእኛ ዕቁብ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በርጩማዎቹ ተበተኑ፤ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱትም ብዙዎቹ እንደገና መተማን ተሻገሩ። በታኅሣሥ 2023 ጦርነቱ ወደ ገዚራ ገብቶ ዋና ከተማው ዋድ መደኒ ተያዘች፤ የመስኖ ሥራውም ታወከ። በየሠፈሩ «ተክያ» የሚባሉ የነጻ ምግብ ማብሰያ ቤቶች ተቋቁመው በከበባ ውስጥ የቀረውን ሕዝብ ሲመግቡ፣ በድስቱ አጠገብ ከቆሙት መካከል ሴቶች ብዙ ነበሩ። በ2025 የመንግሥቱ ጦር ዋድ መደኒን በጥር፣ የካርቱምን መካከል ደግሞ በመጋቢት ካስለቀቀ በኋላ የተሰደደው ሕዝብ በከፊል መመለስ ጀምሯል። የሚመለሰውም ሰው ዘር፣ መሣሪያና ብድር ይሻል፤ ይህ ሁሉ የሚታደለው በስም ዝርዝር ነው።

በዝርዝሩ ላይ የቤቱ አባወራ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ባሏ የሞተባት ወይም ባሏ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ነገሩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ሴት ገበሬዎች ዘር፣ ማዳበሪያና ትምህርት እንደ ወንዶቹ ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከመቶ 20 እስከ 30 እጅ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል። ይህን ያህል ጭማሪ የሚሰጥ አዲስ የዘር ዓይነት ቢገኝ ኖሮ በየእርሻ ጣቢያው በዓል በተደረገ ነበር።

በእርሻ መምሪያ ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን የሚሆን ጥቂት ነገር እናክል። በኦምዱርማን የሚገኘው የአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ለገጠር የእርሻ ማስተማር ሥራ የሚያሠለጥን ክፍል ነበረው፤ ወደ ሴት ገበሬ ቤት ለመግባት ሴት አስተማሪ ማዘጋጀት እኛንም የሚጠቅም ሥራ ነው። ስብሰባ የሚጠራ ሰው ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትንና እንጀራ የሚጋግሩበትን ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ። የብድር ቅጽ ሁለት የፊርማ ስፍራ ይኑረው። ለእኩል የተሰጠ የሴት ማሳ በየቀበሌው ተቈጥሮ፣ በሬ ያለው ማኅበር ወይም ወጣት በተወሰነ የቀን ዋጋ በወቅቱ እንዲያርስላት ውል ይደረግ። የዘር እርዳታ በሚታደልበት ስፍራ ከማሽላው ጋር የባሚያና የአደንጓሬ ዘር ይጨመርበት፤ የጓሮው ማሳ ከዋናው እርሻ ቀድሞ ስለሚዘራም ይህ ዘር ከመጀመሪያው ዝናም በፊት መንደሩ መድረስ አለበት።