አሮጌውን ሱባሩ በገዛ እጅ መቀባት

ስለ መኪና ቀለም የምጽፈው የሙያው ባለቤት ሆኜ አይደለም። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ፣ ትምህርቱን ስላቋረጠ አንድ ልጅ ለመነጋገር ወደ ወላጆቹ ቤት ሄጄ፣ አባትና ልጅ ከሕንፃው ሥር በ1980ዎቹ የተሠራች ነጭ ሱባሩ ሲፈገፍጉ ስላገኘኋቸው ነው። ሙሳኹ ለቀለም የጠየቃቸው ገንዘብ መኪናዋ ከተገዛችበት ይበልጥ ነበር። ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው።

የአባትየው አባት በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እዚህ አገር ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ ባንክ ቤት የሚናገርላቸው ልጃቸው ነው። በመኪናዋ ሥራ ግን ጠያቂው ልጁ፣ መላሹ እርሳቸው ናቸው። ቆርቆሮውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ድምፁ ሲደነዝዝ «እዚህ ላይ ዝገት በልቶታል» ይላሉ፤ ሲፋቅም እንዳሉት ይገኛል። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ገና አልተመለሰም፤ ከአባቱ ጋር ግን መነጋገር ጀምሯል።

ዋናው ሥራ መፋቁ ነው። መኪናዋ በመጀመሪያ በሳሙና በደንብ ትታጠብ፤ ቅባት ባለበት ላይ ቀለም አይይዝም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይነሣል፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያም ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ። በውሃ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ሕፃናትም አይቅረቡ።

የቀለም መርጫ የሌለው ሰው በትንሽ የስፖንጅ ሮለር መቀባት ይችላል። ለብረት የሚሆነውን ተራ የዘይት ቀለም በተርፐንቲን አቅጥኖ፣ በስሱ ስድስት ሰባት ጊዜ መደራረብ ነው። በየሁለት ቅቡ፣ ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ፣ በ600 ቁጥር ወረቀት በውሃ ይለሰልሳል፤ መጨረሻ ላይ በ1500 እና በ2000 ቁጥር ታሽቶ ይወለወላል። እነርሱ ቸኩለው የመጀመሪያውን አወፈሩትና ቀለሙ እንደ እንባ ወርዶ ደረቀ፤ አንድ ሙሉ በር እንደገና ተፋቀ። እንደ ሙሳኽ ሥራ ያበራል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከአሥር እርምጃ ሲያዩት ግን ያምራል።

በሐምሌና በነሐሴ ቀትር ብረቱ ስለሚግል ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል። በሻራቭ ቀን ደግሞ አቧራ ይለጠፍበታል። ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ጥላ ሥር ይሻላል። ወዓድ ባይቱን አስቀድሞ ማስፈቀድም ከጠብ ያድናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። «ማቅሼ» የሚባል ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት፣ በሁለት ቆርቆሮ የሚሸጥ የመኪና ቀለም አለ። ማጠንከሪያው አብዛኛውን ጊዜ ኢሶሲያናት የተባለ ኬሚካል ይዟል። ሲረጭ ወደ ሳንባ ገብቶ የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ተራ የአቧራ ጭንብል አያስጥለውም። በቤት አይሞከር! ተራውም ቀለም ቢሆን በተዘጋ መጋዘን ወይም በማማድ ውስጥ አይቀባ፤ ሲጋራም አይጨስ። የተቆለለ የቀለም ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውሃ ውስጥ ይነከር።

የመኪናው ቀለም በሪሻዮኑ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ቀለሙን የሚቀይር ሰው ለምስራድ ሀሪሹይ ማሳወቅ አለበት። 30 ዓመት የሞላውን መኪና «ሬኼቭ አስፋኑት» ብሎ ለማስመዝገብ የሚያስብም የቀድሞውን ቀለም ቢጠብቅ ይበጀዋል። አባትና ልጅ ነጩን በነጭ ስለቀቡ ከዚህ ጣጣ ድነዋል፤ የቀራቸው የፊት ኮፈኑ ብቻ ነው።