ልጅዎ በትምህርት ቤት ልዩ እርዳታ ያስፈልገዋል ብለው ካሰቡ

ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

«አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው።» «ሲያድግ ይተወዋል።» የልጃቸው አነጋገር፣ ጠባይ ወይም ትምህርት የሚያሳስባቸው ወላጆች ከዘመድ ወዳጅ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ይህን ነው። በእርግጥ ዘግይቶ የሚደርስ ልጅ አለ። እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ግን በተጠበቀ ቁጥር ችግሩ ይብስበታል። ልጅዎ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በምዘና ነው። ምዘናው በነፃ ነው፤ እርስዎም የመጠየቅ መብት አለዎት።

ማን ይመዝነዋል?

• ከ3 ዓመት በታች ከሆነ፦ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለው ፕሮግራም ይመዝነዋል። ሐኪም ሳይልክዎት ራስዎ መጠየቅ ይችላሉ።
• 3 ዓመት ከሞላው፦ የመንግሥት የትምህርት ዲስትሪክቱ ይመዝነዋል፤ ገና ትምህርት ቤት ባይገባም እንኳ።
• የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በኢሚግሬሽን ሁኔታ ምክንያት ልጅን አንቀበልም ማለት አይችሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የወሰነው በ1982 ነው።

እንግሊዝኛ ስላልለመደ ይሆን?

እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ልጅን ልዩ ትምህርት ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያወሩት ይከታተሉት። የሚሉት ይገባዋል? እንደ እኩዮቹ ያወራል? በአማርኛም የሚቸገር ከሆነ ምዘና ይጠይቁ። አማርኛ ማናገርዎን ግን አይተዉ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም።

እንዴት ልጠይቅ?

1. ጥያቄዎን በጽሑፍ ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ። እንዲህ ብለው መጻፍ ይችላሉ፦ «የልጄ ትምህርት ያሳስበኛል። ለልዩ ትምህርት ብቁ መሆኑ እንዲታወቅ ሙሉ ምዘና እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። አማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።» ቀን ይጻፉበት፤ ቅጂውን ያስቀምጡ።
2. ትምህርት ቤቱ ከተስማማ የፈቃድ ፎርም ይሰጥዎታል። በፌዴራሉ ሕግ ምዘናው የሚጠናቀቀው ፈርመው ከመለሱ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ስቴትዎ የራሱ የጊዜ ገደብ ካለው የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ፎርሙን አያቆዩት።
3. ትምህርት ቤቱ «አያስፈልገውም» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት።

በስብሰባው ላይ

ልጁ ብቁ ከሆነ «አይ ኢ ፒ» የሚባል የግሉ የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። እርስዎም ከቡድኑ አባላት አንዱ ነዎት።

• አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው የትምህርት ቤቱ ነው፤ እርስዎ አይከፍሉም። ልጅዎን ወይም ታላቁን አያስተርጉሙ።
• በይሉኝታ «እሺ፣ እሺ» ብለው አይውጡ። ያልገባዎትን መጠየቅ መምህሩን መናቅ አይደለም።
• «ተገኝቻለሁ» ብሎ መፈረምና «ተስማምቻለሁ» ብሎ መፈረም ይለያያሉ። የሚፈርሙት የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ።
• የልዩ ትምህርት አገልግሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምረው እርስዎ በጽሑፍ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በኋላም ፈቃድዎን በጽሑፍ ማንሳት ይችላሉ።
• ካልተስማሙ ነፃ ሽምግልና መጠየቅ ይችላሉ።

አስም፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ልዩ ትምህርት ባያስፈልገውም ስለ «504 ዕቅድ» ይጠይቁ። መድኃኒቱን መቼና እንዴት እንደሚወስድ በዚህ ዕቅድ ሊጻፍ ይችላል።

ስሙ ይጠፋ ይሆን?

የልጅዎ መዝገብ ሚስጥር ነው። ሕጉ ልጁ በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እንዲማር ያዛል። ምዘና ስም አይለጥፍበትም፤ የሚያስፈልገውን ያሳያል እንጂ።

ደህንነቱስ?

የደረሰበትን መናገር የሚከብደው ልጅ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ቁስል፣ ድንገተኛ ፍርሃት ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ካዩ ለትምህርት ቤቱና ለሐኪሙ ይናገሩ። መምህራን፣ ነርሶችና ሐኪሞች በልጅ ላይ ጥቃት ሲጠረጥሩ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው።

ዛሬ ምን ላድርግ?

ያሳሰበዎትን ነገር ከነቀኑ ይጻፉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ የልጁ ጆሮና ዓይን እንዲመረመርም ይጠይቁ። ክሊኒክ ሲደውሉ መጀመሪያ «አማርኛ» ይበሉ። አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብልዎታል።