የቮልስ ጎማ ሲቀየር

ቮልስ ከ1952 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ለረጅም ዘመን ከፋብሪካ የወጣው በ5.60-15 ጎማ ነው። 5.60 ስፋቱ በኢንች ሲሆን ወደ 142 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው። የዛሬ ጎማ ላይ የሚነበበው እንደ 165/80 አር 15 ያለ ነው፤ 165 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ አር ደግሞ ራዲያል መሆኑን ይናገራል።

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ አየር ጤናም ሆነ 18 ማዞሪያ፣ 5.60 ጠይቆ የማግኘት ዕድል ጠባብ ነው። በምትኩ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የኮሮላው 195/65 አር 15 ነው። «15 አይደል? ይገባል!» ይባላል። መግባቱንስ ይገባል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሙሉ ቁመቱ ሲሰላ 634 ሚሊሜትር ገደማ፣ የ165/80ው ደግሞ 645 ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው እንኳ አያሳብቅም። የሚያሳብቀው ስፋቱ ነው። የቮልስ ቸርኬ ስፋት 4 ወይም 4.5 ኢንች ሲሆን 195/65 ቢያንስ 5.5 ይፈልጋል። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲጨመቅ ጎኑ ያብጣል፣ መሬት የሚነካው ፊቱ ይጎብጣል፣ መሃሉ ብቻ ይበላል። ኩርባ ላይ መኪናው ከመሪው ዘግይቶ ይታጠፋል፤ ባለቤቱ ጎማውን ሳይጠረጥር የመሪ ዕቃ ሲያስቀይር ይከርማል። ለቸርኬው የሚስማሙት 155/80 እና 165/80 ናቸው፤ በቁመት ለጥንቱ የሚቀርበው 165 ነው።

የጥንቱ ጎማ ክሮች ሰያፍ ተላልፈው የተነጠፉ ናቸው። አሮጌዎቹን ከኋላ ትቶ ከፊት ብቻ ራዲያል ማስገባት አደገኛ ቁጠባ ነው፤ የፊቱ መሬት ሲይዝ የኋላው ይለቃል፣ ሞተሩ ከኋላ የተጫነ መኪና ደግሞ መጀመሪያውኑ ኩርባ ላይ ጭራው ይፈጥናል። አራቱንም አንድ ላይ መቀየር ይገባል።

አየሩም እንደዚሁ ነው። ጎሚስታው ካልተነገረው አራቱንም እኩል ይሞላል። ቮልስ የሚፈልገው ግን ከፊት ከ16 እስከ 18፣ ከኋላ ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ ነው። ስኮርት ጎማው ከሁሉም በላይ ይሞላል፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠሩት ብዙ ቮልሶች ላይ የፊት መስተዋቱን ማጠቢያ ውኃ የሚገፋው የእሱ አየር ነው። ውኃው መርጨት ካቆመ መጀመሪያ የሚታየው ስኮርቱ ነው።