ሀረጎን የሚወጣ ካቴና

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሞተር ሳይክል የሀረጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ነጂው ማርሽ ይቀንሳል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ጠጋ ይላል። ካቴናው ያለቀ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ጩኸት ስር «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ካቴናው ጥርስ በሚባለው ጥርሳም ብረት ላይ በትክክል መቀመጥ አቅቶት ሽቅብ እየወጣ ሲመለስ ነው እንዲህ የሚለው። ብዙ ሰው ይህን ከሰማ በኋላም ወራት ይነዳል። በመጨረሻ ሱቅ ሲገባም «ካቴና ስንት ነው?» ብሎ ዋጋ ብቻ ይጠይቃል። ከዋጋው በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 650 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ሞተር ሳይክሉና ሁለት ሰዎች በድምሩ 250 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያንን ሁሉ ክብደት ወደ ላይ የሚጎትተው ከአውራ ጣት የማይሰፋ የብረት ሰንሰለት ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ኃይሉ ወደ ጎማ የሚደርሰው በዘንግ ነው።

ካቴና የሚለው ቃል እንደ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ዛሬ በየሞተር ሳይክሉ ላይ የምናየውን ዓይነት የሠራው ግን ሃንስ ሬኖልድ የተባለ ስዊዘርላንድ የተወለደ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር ማንችስተር ውስጥ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ አንድ ፒን አለ። ፒኑ የሚሽከረከረው ቦኮላ በሚባል ትንሽ ቱቦ ውስጥ ነው። በቦኮላው ላይ ደግሞ ጥርሱን የሚነካው ተሽከርካሪ ቀለበት ይገባል።

መካኒኮች «ካቴናው ተለጠጠ» ይላሉ። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። የሆነው ነገር ፒኑና ቦኮላው እርስ በርስ ተፋጭተው መሳሳታቸው ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ብቻ ቢበላ ማንም ዓይን አያየውም። 118 መገጣጠሚያ ባለው ካቴና ላይ ግን ተደምሮ ወደ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። ማጥበቂያውን ወደ ኋላ ስንስብ የሚታየውን ርዝመት እንውጠዋለን እንጂ የተበላውን ብረት አንመልስም።

ይህን ለማወቅ ሜትር ይበቃል። በትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደው ካቴና 428 ነው። የመጀመሪያው 4 ከፒን እስከ ፒን ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይናገራል፤ አራት ስምንተኛ ማለት ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊሜትር ነው። የቀሩት ቁጥሮች ስፋቱን ያመለክታሉ። 420 ርቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ 428ን አይተካም። ካቴናውን ወጥሮ በ21 ፒኖች መካከል ያሉትን 20 ክፍተቶች መለካት ነው። አዲስ ከሆነ 254 ሚሊሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ ሁለት በመቶ ረዝሟልና ዕድሜው አልቋል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚመጣው። የረዘመ ካቴና ጥርሶቹንም በራሱ ልክ ይቀርጻቸዋል። ጫፋቸው ወደ አንድ በኩል ጎብጦ እንደ ማጭድ ይሆናል። በእነዚህ ጥርሶች ላይ አዲስ ካቴና ቢገባ ልኩ አይገጥምም፤ ለብዙ ጥርሶች መከፋፈል የነበረበት ጉልበት በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል፣ አዲሱም ቶሎ ያረጃል። በአሮጌ ካቴና ላይ አዲስ ጥርስ መግጠምም እንዲሁ ነው። ካቴናው፣ የፊቱ ጥርስና የኋላው ጥርስ አንድ ላይ ይገዛሉ፤ አንድ ላይ ይጣላሉ። ገንዘብ አጥሮኝ ነው ለሚል ሰው እንኳ ሌላ መልስ የለኝም፤ ለየብቻ የሚገዛ ሰው በመጨረሻ አብልጦ ይከፍላል።

ሲገዙ ጥርሱ የጠነከረ ብረት መሆኑን መፈተን ይቻላል። ሞረድ በጥርሱ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ብረቱ ጥሩ ከሆነ ሞረዱ ይንሸራተታል። በቀላሉ የሚፋቅ ከሆነ ለስላሳ ነውና የሀረጎን ዳገት ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ቀጥሎ የጥርስ ቁጥር ነው፤ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ጊዜ ወስዶ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ለምሳሌ ከፊት 14፣ ከኋላ 42 ጥርስ ያለውን እንውሰድ። የፊቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር የኋላው አንድ ጊዜ ይዞራል። ዳገት ላይ ጉልበት የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ የፊቱን ወደ 13 መቀነስ ወይም የኋላውን ወደ 45 ማሳደግ። በቁጥር ሁለቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሦስት የነበረው ወደ 3.2 ይወጣል። ጎማ ላይ የሚደርሰው ጉልበት በሰባት በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይኬድበት በነበረው የሞተር ዙር 65 ይኬዳል። የፊቱ ትንሽ ብረት ስለሆነ ርካሽ ነው፤ አብዛኛው ሰውም እሱን ይመርጣል።

ለካቴናው ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ 250 ኪሎ የሚጎትት ካቴና፣ ከኋላ 42 ጥርስ ካለው፣ 62 ኪሎ ያህል ክብደት እንደተንጠለጠለበት ሆኖ ይወጠራል። ይህን የሚወስነው የኋላው ጥርስ ትልቅነት ነው፤ የፊቱ ቢያንስም ውጥረቱ አይቀንስም። እንዲያውም ካቴናው በትንሹ ጥርስ ላይ አብልጦ ይታጠፋል። በ14 ጥርስ ላይ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ወደ 26 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ በ13 ላይ ወደ 28 ይደርሳል፤ ያ ሁሉ መታጠፍ ደግሞ በውጥረት ውስጥ ያለ መፋጨት ነው። የኋላው 45 ሲሆን ውጥረቱ ወደ 58 ኪሎ ይወርዳል። ካቴናው በየኪሎ ሜትሩ ትንሽ አብልጦ ቢዞርም ቀለል ባለ ጉልበት ነው። ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ዳገት የሚበዛበት ሰው ጉልበቱን ከኋላ ይጨምር። ካቴናው ግን ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ሊፈልግ ስለሚችል፣ ሽፋኑም ሊጠብ ስለሚችል፣ ከመግዛቱ በፊት ይለካ።

ለ13 ጥርስ አንድ ጥቅም አልነፍገውም። የካቴና ክፍሎች ቁጥር ብዙ ጊዜ ተጋማሽ ነው። ጥርሱም ተጋማሽ ቁጥር ሲሆን አንዱ ጥርስ ሁልጊዜ ከውስጠኛው ክፍል ጋር፣ ጎረቤቱ ሁልጊዜ ከውጪኛው ጋር ይገናኛል። እንደ 13 ጎዶሎ ሲሆን ግን እየተፈራረቀ ስለሚመጣ አበላሉ ይስተካከላል።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። ስለዚህ ደሴ ውስጥ በሰኞ ገበያና በቧንቧ ውሃ መካከል ሰው የሚያመላልስ ሰው ከ45ቱ ይጠቀማል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ግን በአፋር ሜዳ ላይ ሞተሩ በከንቱ ሲጮህ ይውላል፤ ለእሱ 42ቱ ይሻለዋል። ወደ ታች ሲሄዱም ልዩነቱ ይታያል። ከደሴ ሲወርዱ ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ካቴናውን በታችኛው በኩል እየሳበ ጎማውን ይይዛል። በትልቁ ጥርስ አያያዙ ይበረታል፣ ፍሬኑም አይግልም። ሀረጎን በባዶ ማርሽ መውረድ ይህን ሁሉ እገዛ መጣል ነው።

ስለ ዘይት ጥቂት ልበል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ካቴና ላይ ማፍሰስ ልማድ ሆኗል። ያ ዘይት የብረት ብናኝ ይዟል፤ ከመንገዱ አቧራ ጋር ሲገናኝ ፒኑን የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ንጹሕ የካምቢዮ ዘይት በውስጠኛው በኩል ማንጠባጠብ ይሻላል። ጫፎቹን የሚያገናኘው ክሊፕ ዝግ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ተገልብጦ ከገባ አንድ ድንጋይ ነክቶት ሊወልቅ ይችላል።

አሮጌዎቹን ሳትጥሉ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ፣ የካቴናውንም ክፍሎች ቆጥራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ብረቶቹንም ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት ከአንዱ ሥሪት ወደ ሌላው ይለያያልና።